ደንብ ቁጥር አራት

ሐሙስ ጠዋት ኤርሜሊንዳ ሺካይ ፀጉሯን እየጎነጎነች ከክፍሏ ስትወጣ የእናቷ ወንበር በቦታው አልነበረም። ሌላ ወንበር ቢሆን ኖሮ ልብም አትለው። ይሄኛው ግን መደገፊያው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት፣ አንደኛው እግሩ ስላጠረ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን የሚደረግለት፣ ከምግብ ጠረጴዛው ራስ ላይ ለዓመታት ንቅንቅ ብሎ የማያውቅ ወንበር ነው። ካርቶኑ ሲሚንቶው ላይ ብቻውን ቀርቷል። ወንበሩ ጓዳ ገብቶ ከጋዝ ሲሊንደሩና ከውሃ ባልዲው መሃል ተሸጉጧል፤ እናቷ ናን ቶማሳም እዚያው ላይ ተቀምጣ፣ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጥቁር ቦሎቄ በቶርቲያ፣ በበቆሎ ቂጣ፣ እየጠቀለለች ትበላለች። ቀና ብላ ልጇን አየቻትና ወደ ሳህኗ ተመለሰች።

የወንድሟ ሚስት ኤልቪያ እንቁላል እየጠበሰች ነበር፤ ፊቷን አላዞረችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ትናንት ማታ የስፓኒሽ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ዶን አርኑልፎ ደውለው እንደነበር፣ ዛሬ ምሳ ላይ ቤቱን ሊጎበኙ እንደሚመጡ፣ ተማሪ የሚያሳድር ቤት ማዕድ ላይ ከስፓኒሽ በቀር ሌላ ቋንቋ መሰማት እንደሌለበት አስጠንቅቀው ስልኩን እንደዘጉ ነገረቻት። እማማ ደግሞ ከአገሬው ቋንቋ ከካክቺኬል ሌላ አፍ የላቸውም፤ ዝም በሉ ቢባሉ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም፤ ታዲያ ምን ይደረግ? ኤርሜሊንዳ ጎብኚው የሚመጣው ምሳ ላይ ከሆነ እናቷ ቁርሷን ለምን ጓዳ እንደምትበላ ጠየቀች።

«እንዲለምዱት ብዬ ነው፣ እትዬ» አለች ኤልቪያ።

ወንድሟ ኤውሴቢዮ ጠረጴዛው ዘንድ ነበር። የባጃጁን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ አጥሚቱን ይጠጣል፤ ሁሉንም ሰምቷል፤ ግን አጥሚቱ ውስጥ አንዳች ነገር የጠፋበት ይመስል ዓይኑን ከኩባያው አላነሳም። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሲቆጡት ዝም፣ ሲያሞግሱት ዝም፣ እናቱ ከገዛ ማዕዷ ስትነሳም ዝም። ኤርሜሊንዳ አንድ ነገር ልትለው አፏን ስትከፍት እንግዳቸው ኢንገር ከመታጠቢያ ቤት ብቅ አለች፤ ከኖርዌይ የመጣች፣ ስድሳውን ያለፈች፣ ዕድሜዋን በሙሉ ደብዳቤ ስታድል ኖራ ጡረታ የወጣች ረጅም ሴት። እንደምን አደራችሁ አለች በስፓኒሽ፤ ይህንን አሳምራ ትለዋለች። ከዚያ ዓይኗ የጠረጴዛው ራስ ላይ አረፈና እዚያው ቆየ። ኤልቪያ ቶሎ ብላ እንቁላሉን ከፊቷ አስቀመጠችላት።

ቤቱ ሦስት መኝታ ክፍል፣ ጠረጴዛው ያለበት ሳሎንና አንድ ጓዳ ነው፤ ከገበያው ጀርባ፣ አውቶቡሶቹ ጭሳቸውን ግድግዳው ላይ እየተፉ ከሚያልፉበት መንገድ ዳር። ለመንገዱ የሚቀርበው ሰፊው ክፍል ለተማሪ ተለቋል፤ ትምህርት ቤቱ በሳምንት ዘጠኝ መቶ ኬትሳል ይከፍልበታል። ኤውሴቢዮና ኤልቪያ ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር በአንዱ ክፍል፣ ኤርሜሊንዳ ከእናቷ ጋር በሌላው ይተኛሉ። ጠረጴዛውን ናን ቶማሳ ናት የገዛችው፤ ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ ኡይፒል የሚሉትን የአገሬው ሴቶች ሸሚዝ አራት ሸምና፣ ያንን ሁሉ አበባና ወፍ በክር ለቅማ ሸጣ፣ ልጆቼ መሬት ላይ አይበሉም ብላ። ተማሪ ማሳደር የተጀመረው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ በወረቀት ተለጥፎ ይውላል፤ ይህም የኤርሜሊንዳ ብልሃት ነው። አዲስ ተማሪ ሰኞ ማታ የዕቃውን ስም በትንንሽ ወረቀት ይጽፍና ከበሩ ጀምሮ እየዞረ፣ ጮክ ብሎ እያነበበ ይለጥፋል፤ በር ላይ፣ መስተዋት ላይ፣ መስኮት ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ጨው ዕቃው ላይ። ኤልቪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ትልጠዋለች፤ ሰኞ ሌላው መጥቶ ከበሩ ይጀምራል። ግድግዳው በሙጫ ተዥጎርጉሯል። ናን ቶማሳ ማንበብ አትችልም፤ ከወንበሯ ላይ ሆና ተማሪዎቹ ሲዞሩ ታያለች፤ አንዳንዴም ትስቃለች።

ኤርሜሊንዳና ኢንገር አብረው በእግር ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። ፉዌጎ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሌሊቱን ሲያጉረመርም ስላደረ የመንገዱ ድንጋይ ላይ ስስ አመድ አርፏል፤ ባለሱቆቹ ደጃፋቸውን በውሃ ይረጫሉ። ትምህርት ቤቱ አንድ አሮጌ ግቢ ነው፤ አቮካዶ ዛፍ ሥር አስራ አራት ትንንሽ ጠረጴዛ፣ በእያንዳንዱ አንድ አስተማሪና አንድ ተማሪ፣ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት። አስተማሪዎቹን ሁሉ ሴኞ ነው የሚሏቸው። ከአስራ አራቱ ኡይፒል የምትለብሰው ኤርሜሊንዳ ብቻ ናት፤ ከስፓኒሽ በፊት ሌላ ቋንቋ የነበራትም እሷ ብቻ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጀማሪዎቹን ለእሷ ይሰጧታል፤ ተማሪው አፉን ፈትቶ ወሬ ማውራት ሲጀምር፣ ጨዋታው ሲጥም፣ ወደ ሌላ ሴኞ ይዛወራል። እንቁላሉን እሷ ትታቀፋለች፣ ጫጩቱን ሌላ ይቀበላል። ጠይቃ ታውቃለች፤ አንቺን የመሰለ ለጀማሪ የት ይገኛል ብለው አሞግሰው ሸኟት።

ለጀማሪ የምታስተምረው አንድ ነገር ነው። በስፓኒሽ የዕቃ ስም ብቻውን አይሄድም፤ ከፊቱ የሚመራው ትንሽ ቃል አለ። ወንዴ ለሆነው ኤል፣ ሴቴ ለሆነው ላ፤ ይኸውም አንቺም እኔም የምናውቀው፣ የታወቀው ዕቃ ሲሆን ነው። ከብዙዎች መሃል ማንኛውም አንዱ ሲሆን ደግሞ ለወንዴው ኡን፣ ለሴቴው ኡና። ኤርሜሊንዳ ይህንን ስታስተምር ሰሌዳ አትጠቀምም። ከቤቷ ባመጣችው ቅርጫት ውስጥ ሦስት ሎሚ አለ፤ አንድ ሎሚ ስጪኝ፣ ትላለች፤ ቀጥላ ቅድም የሰጠሽኝን ሎሚውን ስጪኝ፣ ትላለች። ኢንገር ሰኞ ዕለት ጠረጴዛ እንዴት ሴት ሊሆን እንደቻለ ጠይቃ ነበር። እሷን ማንም አልጠየቃትም፣ ብላ መለሰችላት ኤርሜሊንዳ፤ ሁለቱም ሳቁ። ዛሬ ግን ኢንገር ሎሚዎቹን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ ያሏትን ጥቂት ቃላት አንድ በአንድ እየለቀመች ደረደረች።

«ዛሬ ወንበር የለም። አንድ ወንበር አያት። የት?»

«አንድ ወንበር አይደለም፤ የምናውቀው ወንበር ነው። የአያትየዋ ወንበር የት ነው፣ ላ ሲያ፣ በይ» አለቻት ኤርሜሊንዳ።

ኢንገር ደገመችው፤ አሁን ትክክል ነው። ደግማ እሷን እሷን እያየች ጠበቀች። ኤርሜሊንዳ ያደረገችው ያኔ ነው የታወቃት። ሴትዮዋ ከሌላ ዓለም መጥታ፣ በአራት ቀን ስፓኒሽ፣ እናትሽን የት ወሰዳችኋት ብላ ጠየቀቻት፤ እሷ ደግሞ ጥያቄውን አርማ መለሰችላት። ጓዳ ነው ያለው፣ አለች፤ ለምን የሚለውን ቃል ገና አላስተማረቻትም፤ ኢንገርም አልጠየቀችም።

በዕረፍት ሰዓት ወደ ቢሮው ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ዶን አርኑልፎ ስልክ ላይ ናቸው። ቤቱ ንጹሕ እንደሆነ፣ ምግቡም መልካም እንደሆነ፣ አንዲት አሮጊት ብቻ ማዕድ ላይ በቋንቋቸው እንደሚያወሩ፣ እሱም ዛሬ እንደሚስተካከል ለአንድ ሰው እየነገሩ ነው። ኤርሜሊንዳ ስልኩ እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆመች። ከጭንቅላታቸው በላይ ግድግዳው ላይ የትምህርት ቤቱ ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ማስታወቂያው ላይ ያለችው ናን ቶማሳ ናት፤ ቀይ ኡይፒሏን ለብሳ፣ በዚያው ጠረጴዛ ራስ፣ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ከሥሯ «ከእውነተኛ ቤተሰብ ጋር በአንድ ማዕድ» ተብሎ ተጽፏል። ፎቶውን ሲያነሱ አንድ ኪሎ ስኳር ይዘው ነበር የመጡት። እናቷ ለሰው ሁሉ እዚያ ላይ ትስቃለች፤ ሰው ሊያያት ሲመጣ ግን ጓዳ ትግባ።

ዶን አርኑልፎ ሰው አይሳደቡም፤ ይህ ነው ክፋታቸው። አስቀመጧት፣ ውሃ ቀዱላት፣ የእናቷን ጤና ጠየቁ። ነገሩ የእናትዎ ጉዳይ አይደለም፣ የደንብ ጉዳይ ነው አሏት፤ ተማሪው ባሕር አቋርጦ የሚመጣው ስፓኒሽ ሊሰማ ነው፤ ማዕድ ላይ የማይገባው ነገር ከሰማ ገንዘቤን መልሱልኝ ቢል ምን ልንለው ነው? ኢንገር ቅሬታ አቅርባ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አላቀረበችም፤ ግን ልታቀርብ ትችላለች። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ጠርዙ ወደ ቢጫ የደበዘዘ ወረቀት አወጡና በጣታቸው ወደ እሷ ገፉት። ለአሳዳሪ ቤተሰቦች የተሰጠ መመሪያ። ደንብ ቁጥር አራት፤ በማዕድ ላይ ከስፓኒሽ በቀር ምንም ዓይነት ቋንቋ አይነገርም፤ ይህ ሕፃናትንና አረጋውያንንም ይጨምራል።

«አረጋውያንንም የሚለውን ማን እንዳስገባው ያስታውሳሉ፣ ሴኞ?» አሉ ዶን አርኑልፎ።

ታስታውሳለች። በተቀጠረች በዓመቷ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ መመሪያ ማን ይጻፍ ሲባል እጇን አወጣች። ከሁሉም በላይ ጥብቅ ልሁን ብላ፣ ኡይፒል የለበሰችው ስፓኒሽ አትችልም እንዳይሏት፣ ሌሎቹ ሴኞዎች ሊጽፉት ያላሰቡትን ጨመረች። አንድ ሰው ደንቡን አንብቦ ይህቺ ልጅ ቁምነገረኛ ናት እንዲል ፈልጋ ነበር፤ ብለውላታልም። ያኔ የእነሱ ቤት ተማሪ አያሳድርም፤ አረጋውያን ስትል የሰው አያት፣ የማታውቃት ማንኛዋም አሮጊት ማለቷ ነበር። ወረቀቱን መልሳ ገፋችው። ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ሎሚዎቹን ስትቆጥር፣ ኢንገርን ስታርም፣ ማንን እንደምትጠላ ማወቅ አቅቷት ዋለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ከማዕዘኑ ቶርቲያ ቤት ገዛች፤ አራቱ በአንድ ኬትሳል ነው፤ የሃያ ኬትሳል አስጠቀለለች። ቤት ሲደርሱ ኤልቪያ በተቆላ ዱባ ፍሬ የሠራችው የዶሮ ወጥ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። ጠረጴዛው ላይ ለበዓል ብቻ የሚወጣው ፕላስቲክ ተነጥፏል። ራስጌው ላይ ከመኝታ ክፍል የመጣ የተሻለ ወንበር ተደርጓል፤ ለዶን አርኑልፎ መሆኑ ነው። ኤርሜሊንዳ ቶርቲያውን አስቀምጣ ጓዳ ገባች፤ እናቷን በክንዷ ያዝ አድርጋ አስነሳቻትና ወንበሩን ማንሳት ጀመረች። ኤልቪያ በሌላኛው በኩል ያዘችው። ሁለቱ ሴቶች የጓዳው በር ላይ ወንበሩን መሃል አድርገው ተፋጠጡ፤ ናን ቶማሳ ሳህኗን ይዛ ቆማ ታያቸዋለች።

«አንቺ ደሞዝ አለሽ» አለች ኤልቪያ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «እኔ ያለኝ ያቺ ክፍል ብቻ ናት። ልጆቼ በምን ሊማሩ ነው?»

ኤልቪያ እውነቷን ነው። ቢሆንም ኤርሜሊንዳ ወንበሩን አልለቀቀችም። በመጨረሻ የለቀቀችው ኤልቪያ ናት፤ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ምድጃው ዞረች። ኤርሜሊንዳ የተሻለውን ወንበር ወደ ጎን አድርጋ የእናቷን ወንበር በቦታው አቆመችው፤ ተንበርክካ ካርቶኑን ከአጭሩ እግር ሥር ሸጎጠችው። ዶን አርኑልፎ በሩን ሲያንኳኩ እናቷ ተቀምጣለች።

አንድ ካርቶን ጣፋጭ ይዘው መጡ። ራስጌው መያዙን አዩ፤ ፈገግታቸው አልጎደለም፤ ከጎን ተቀመጡ። ስለ አመዱ ተወራ፤ የአቮካዶ ዋጋ መናሩ ተወራ፤ ኤውሴቢዮ አዎ፣ ልክ ነው፣ አዎ አለ። ከዚያ ሰውየው ወደ ናን ቶማሳ ዞሩና ለደንቆሮ እንደሚናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ቃሉን እየጎተቱ፣ እንዴት ነዎት፣ የምንለው ይገባዎታል ወይ፣ ሲሉ በስፓኒሽ ጠየቋት። ማንኪያዎቹ ሁሉ ቆሙ። ኤልቪያ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀረች።

ናን ቶማሳ ሳህኗን ትንሽ ገፋ አደረገች። ከንፈሯን ወደ በሩ አሹላ፣ ላ ፑዌርታ፣ አለች። በሩ። ወደ መስተዋቱ፤ ኤል ኤስፔሆ። ወደ መስኮቱ፤ ላ ቤንታና። ከበሩ ጀምራ፣ ተማሪዎቹ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ በዞሩበት መንገድ፣ ሳትቸኩል፣ ቤቱን ዞረችው። እያንዳንዱ ዕቃ የሚመራውን ትንሽ ቃል ይዞ ከአፏ ወጣ፤ አንድም አልተሳሳተችም። ኢንገር አብራት ስታነበንብ ቆይታ ውሃው ላይ ስትደርስ ተሳሳተች፤ አሮጊቷ ቆም ብላ ጠበቀቻትና ትክክሉን ደገመችላት። ሳህኑን፣ ጨዉን፣ ቢላዋውን አለች። በመጨረሻ መዳፏን ፕላስቲኩ ላይ ዘረጋችና፣ ላ ሜሳ፣ ብላ ጨረሰች። ጠረጴዛው።

ዶን አርኑልፎ አጨበጨቡ። ከልባቸው ነው፤ ፊታቸው በራ። ከአንዳንድ ተማሪዎቻችን ይሻላሉ እኮ፣ አሉ፤ እንግዲህ ችግሩ ተቃለለ፤ በስፓኒሽ እስከሆነ ድረስ እናትዎ ከዛሬ ጀምሮ ማዕድ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። ኤልቪያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ክፍሏ ተርፋለች፣ አሮጊቷም ወንበሯን አግኝታለች፤ ሌላ ሰው ቢሆን እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ ይበላ ነበር። ለኤርሜሊንዳ ግን ይህ ከጠዋቱ የባሰ ሆነባት። እናቷ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ማዕዷ ላይ ለፈተና አቀረቧት፤ ስላለፈች እንድትበላ ተፈቀደላት።

«ሰውየው ምን ይላል?» አለች ናን ቶማሳ በካክቺኬል።

«ጠረጴዛው ዘንድ መቀመጥ ትችላለች ይላል» አለቻት ልጇ፣ በዚያው በካክቺኬል።

እናቷ ዶን አርኑልፎን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። «የማንን ጠረጴዛ ነው የፈቀደልኝ?»

ዶን አርኑልፎ እየሳቁ ምን አሉ ብለው ጠየቁ። ኤርሜሊንዳ ነገሩን ማለስለስ ትችል ነበር፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት ስታለሳልስ ኖራለች። አመስግናለች ልትላቸው ትችል ነበር። ኤልቪያ ዓይኗን እያንከራተተች ትለምናታለች። ኤርሜሊንዳ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ለጀማሪ እንደምታስረዳ ቀስ ብላ፣ እናቷ ያለችውን አንድም ቃል ሳትቀንስ በስፓኒሽ ነገረቻቸው። ቀጥላም ደንብ ቁጥር አራትን የጻፈችው እሷ እንደሆነች፣ የጻፈችውም በቋንቋዋ አፍራ ሳይሆን ሰው ያፍርብኛል ብላ ፈርታ እንደሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን በዚህ ቤት እንደማይሠራ ነገረቻቸው።

የሰውየው ሳቅ ቀስ ብሎ ከፊታቸው ወረደ። አፋቸውን ጠረጉ። እንደማይቆጡ፣ ደንብ ግን ደንብ መሆኑን፣ ከሰኞ ጀምሮ ኢንገር ወደ ሌላ ቤተሰብ እንደምትዛወር፣ ወደዚህ ቤትም ሌላ ተማሪ እንደማይላክ፣ የሴኞዋን ጉዳይ ደግሞ ነገ ቢሮ እንደሚነጋገሩበት አሳወቁ። ከደረት ኪሳቸው ማስታወሻ አውጥተው ጻፉት። ኢንገር ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ትመለከታለች፤ እሷን ማንም አልጠየቃትም። ኤልቪያ ጭልፋውን ድስቱ ላይ አስቀመጠችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከመንገዱ አውቶቡስ አለፈና መስኮቱን አንቀጠቀጠው።

ኤውሴቢዮ ከጠዋት ጀምሮ ያላነሳውን አንገቱን ያን ጊዜ አነሳ። ዶን አርኑልፎን አላየም፤ ሚስቱንም አላየም። ተማሪ ማሳደር ከጀመሩ ወዲህ በዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቀን እንኳ ባልተናገረበት ቋንቋ፣ በካክቺኬል፣ ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ እያለ፣ እናቱን ጠራት።

«እማ፣ እባክሽ ጨዉን አቀብዪኝ።»

ጨዉ ያለው ከራሱ ክንድ አጠገብ ነበር። ናን ቶማሳ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ በጠረጴዛዋ ላይ ጎንበስ ብላ፣ በዶን አርኑልፎ ማስታወሻ ላይ እጇን አሻግራ ዘረጋችና አቀበለችው።